መብራት በሚያጥርበት ቦታ ኮንቬየር መትከል፦ ከወለጋ ካባዎችና የወርቅ ቦታዎች አንጻር የተደረገ ዳሰሳ

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር አገር ምድሩን አዳረሰ። ከሁለት ወር በፊት፣ ሰኔ 30፣ የተዘጋው በጀት ዓመት ደግሞ ወርቅ ቡናን ቀድሞ ትልቁ የወጪ ንግድ ገቢ የሆነበት ዓመት ነበር። በምዕራብ ወለጋ እ.ኤ.አ. በ2015 የማዕድን ፈቃድ አግኝቶ በጸጥታ ችግርና በገንዘብ ፍለጋ ለዓመታት የተንከባለለው የቱሉ ካፒ ወርቅ ፕሮጀክትም በ2025 የብድር ስምምነቱን ፈርሞ ፊቱን ወደ ግንባታ አዙሯል። እነዚህ ሦስት ዜናዎች ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ ላይ ሲገናኙ አንድ ድምዳሜ ወለዱ፦ መብራት መጣ፣ ወርቅ ተወደደ፣ የቀረው ማሽን ማስገባት ነው።

ከማሽኖቹ መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኮንቬየር ነው። በድንጋይ ካባም ሆነ በአነስተኛ ወርቅ ማምረቻ ጉልበት የሚጨርሰው የተቆፈረውን ከጉድጓዱ ወደ ክራሸሩ ወይም ወደ ማጠቢያው ማድረስ ነው። ድሃው በጆንያና በካሪዮላ፣ ገንዘብ ያለው በገልባጭ መኪና ያመላልሳል። ቤልት ተዘርግቶ፣ አንድ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲስበው ማየት ለሁለቱም ያጓጓል። ይህን ጉጉት የማልጋራበት ምክንያት የለኝም። የማልጋራው መብራቱ ከመጣ ነገሩ አለቀ የሚለውን እምነት ነው። ኮንቬየር በጣም ትንሽ ኃይል የሚበቃው ማሽን ነው፤ ሆኖም ትንሽ ኃይል ያለበት ቦታ ላይ በብዛት የሚቆመውም እሱ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ነው።

መስመሩ በላይ ያልፋል

ወለጋ ለኤሌክትሪክ እንግዳ አይደለም። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን ኋላ ተስፋፍቶ 134 ሜጋ ዋት ደርሷል። በ2011 የአመርቲ ነሼ ማመንጫ ተጨመረበት። የሕዳሴው ግድብ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከጉባ ተነስቶ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይሄዳል። ከፍተኛ የብረት ምሰሶዎቹን ከእርሻው ላይ እያየ በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ ታዲያ ጥያቄ ቢያነሳ አይፈረድበትም። የቴክኒክ መልሱ ግን ቀላል ነው፤ ከ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ለአንድ ካባ ሽቦ አይቀነጠስም። ኃይሉ መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 132፣ ከዚያ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት፣ በመጨረሻም በመንደር ትራንስፎርመር ወደ 380 ቮልት መውረድ አለበት። ቀጭኑ ቦታ ይህ መጨረሻው ነው።

ከከተማ ወጣ ያለ ካባ ሲሳካለት የሚያገኘው 50 ወይም 100 ኬቪኤ የሆነ ትራንስፎርመር ነው፤ እሱንም ከእህል ወፍጮው፣ ከቡና መፈልፈያውና ከመንደሩ መብራት ጋር ይጋራዋል። ረጅም መስመር በጫፉ ላይ ይደክማል። ምሽት ላይ፣ ወይም ወፍጮው ሲነሳ፣ 380 ቮልት መሆን የነበረበት 320 ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴም ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ይጠፋና ሞተሩ በሁለቱ ለመሮጥ ሲታገል ይቃጠላል። ይህን የሚከላከለው የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ከሞተሩ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው የሚገዛው።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የቀድሞው መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ከፍተኛ መስመር ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጭ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ግድቡ ያለው በመጀመሪያው እጅ ነው። የካባው ባለቤት ደጅ የሚጠናው ግን ሁለተኛውን ነው። የሜጋ ዋቱ ዜና ወደ ኮንቬየር ሳይለወጥ የሚቆየው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

ቤልት ስንት ይበላል?

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። በሰዓት 100 ቶን ጠጠር የሚያጓጉዝ፣ 200 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጫፉ ከመነሻው 20 ሜትር ከፍ የሚል ኮንቬየር እንውሰድ፤ ለአንድ መካከለኛ ካባ በቂ ነው። ጭነቱን ለማንሳት የሚፈለገውን ኃይል ለማወቅ በሰዓት የሚጓዘውን ቶን በከፍታው ሜትር አባዝቶ ለ367 ማካፈል ነው፤ 5.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይመጣል። በ65 ሳንቲ ሜትር ቤልት፣ በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል ፍጥነት ቢሄድ፣ ለሮለሮቹና ለቤልቱ ሰበቃ ሌላ 5.5 ኪሎ ዋት ያህል ይሄዳል። ድምሩ 11 ነው፤ 15 ኪሎ ዋት ሞተር ከበቂ በላይ ይሆናል።

በሰዓት 100 ቶን ማለት ሃያ አምስት ቶን የሚጭን ገልባጭ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ሞልቶ ሲወጣ ማለት ነው። ገልባጩ ግን የራሱን ክብደት ተሸክሞ ይወጣል፣ ባዶውንም ተመልሶ ይወርዳል፤ ከሚያቃጥለው ናፍጣ ለድንጋዩ የሚውለው ከፊሉ ብቻ ነው። ቤልት በአንድ በኩል ሲወጣ በሌላው ስለሚወርድ የራሱ ክብደት ይካካሳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የነዳጅ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ባለካባ ይህን ስሌት ለማድረግ አስተማሪ አያስፈልገውም።

የማሽኑ አካል በዚህ ጽሑፍ ብዙ ቦታ አይወስድም። የሚጎትት ድራም ከላይ፣ የሚመልስ ድራም ከታች፣ በየሜትሩ ወይም ትንሽ ራቅ ብለው ቤልቱን እንደ ገንዳ አጉብጠው የሚሸከሙ ሮለሮች፣ በየሦስት ሜትሩ ገደማ መመለሻውን የሚደግፉ፣ ቤልቱን የሚወጥር ክብደት ወይም ብሎን፣ ጊርቦክስና ሞተር ናቸው። ለስላሳ ቤልት ከ18 ዲግሪ በላይ ቀጥ ካለ ጭነቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት ጥርስ ያለው ቤልት ያስፈልጋል።

ክርክሩ ያለው አነሳሱ ላይ ነው

መስኩ ውስጥ ሰው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የምቆየው እዚሁ ነው። ከላይ ያልነው 15 ኪሎ ዋት ሞተር ሲሮጥ 30 አምፔር ያህል ይስባል። በቀጥታ ከመስመር ሲነሳ ግን ለጥቂት ሴኮንድ የዚያን ስድስት ወይም ሰባት እጥፍ፣ ወደ 200 አምፔር፣ ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ 50 ኬቪኤ ከሆነ መንደሩ ሁሉ ጭልም ይላል፤ ጄኔሬተር ከሆነ የራሱ ሞተር ይታነቃል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ነጋዴው 15 ኪሎ ዋት ለማስነሳት 60 ኬቪኤ ጄኔሬተር ይሸጥልሃል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ በሲሶ ጭነት እየሮጠ ናፍጣ ይፈጃል። ባለንብረቱ የሚገዛው ኃይል ለአሥር ሴኮንድ የሚያስፈልገው ነው፤ የሚከፍለው ግን ለዓመታት ነው።

አብዛኛው የአገራችን ኤሌክትሪሺያን የሚያውቀው መድኃኒት ስታር ዴልታ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ በስታር ተገናኝቶ ይነሳል፣ ሲሮጥ ወደ ዴልታ ይቀየራል። የሚስበው አምፔር ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሦስት ኮንታክተርና አንድ ታይመር ስለሆነ ርካሽ ነው፤ መለዋወጫውም ነቀምቴ ይገኛል። ጥፋቱ የማዞር ጉልበቱም አብሮ ወደ ሲሶ መውረዱ ነው። ለውሃ ፓምፕ ይህ ችግር አይደለም፤ ፓምፕ ሲነሳ ቀላል ነውና። የተጫነ ቤልት ግን ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምሮ ሙሉ ክብደቱን ያቀርባል።

በዚህ ላይ የደከመ መስመር ሲጨመር የሚሆነውን እንይ። የሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል። 380 የነበረው 320 ሲሆን ቮልቴጁ 16 በመቶ ብቻ ቀንሷል፤ ጉልበቱ ግን ወደ 30 በመቶ ገደማ ያጣል። በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛ ጉልበቱ ሁለት እጥፍ የሚያወጣ ሞተር በስታር ሁለት ሦስተኛውን፣ በደከመው መስመር ላይ ደግሞ ከግማሽ ያነሰውን ብቻ ያወጣል። የእኛ ቤልት ሙሉ ጭነት ይዞ ለመሮጥ እንኳ ከመደበኛው ጉልበት ሰባ በመቶ በላይ ይፈልጋል። አይነሳም። ሞተሩ እያጓራ ይቆማል፣ ይግላል፣ ይሸታል። ባዶ ሲሆን ግን ሩብ ያህሉ ይበቃዋል፤ በዚያው በደከመው መስመር፣ በዚያው ስታር ዴልታ፣ ያለ ችግር ይነሳል።

ስለዚህ በትንሽ ኃይል የኮንቬየር የመጀመሪያ ሕግ ባዶውን አስነሳ፣ ባዶውን አቁም የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ የሚጠይቀው ግን የሥራ ዲሲፕሊን ነው። ከቤልቱ በፊት ድንጋዩ የሚጠራቀምበት በር ያለው ማጠራቀሚያ መኖር አለበት፤ ሲቆም መጀመሪያ በሩ ይዘጋል፣ ቤልቱ ያለውን እስኪያራግፍ ይጠበቃል። ብዙ ቤልት ካለ መጀመሪያ የሚነሳው የመጨረሻው፣ መጨረሻ የሚነሳው የመጀመሪያው ነው። ይህ በሰው ትዝታ ብቻ ከተተወ አንድ ቀን ይረሳል፤ በኮንታክተር የተያያዘ ከሆነ ግን የፊቱ ሲቆም የኋላው በራሱ ይቆማል። ያም ሆኖ መብራት ሳይነግር ይሄዳል፤ ቤልቱ ተጭኖ ይቆማል። ያኔ አካፋ ይዞ ማራገፍ ነው፤ 200 ሜትር ቤልት ላይ ያለው ጭነት ሦስት ቶን ተኩል ያህል ይሆናል። በቀን ሦስት ጊዜ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከስታር ዴልታ ውጭ ሦስት መንገዶች አሉ። ሶፍት ስታርተር ቮልቴጁን ቀስ እያለ ያሳድጋል፤ ቤልቱን ሳያስደነግጥ ያስነሳል። ሆኖም እሱም የሚሠራው ቮልቴጅ በመቀነስ ስለሆነ የተጫነ ቤልትን በደካማ መስመር ላይ በተአምር አያስነሳም፤ ሻጮች ይህን አይነግሩም። ሁለተኛው በዘይት የሚሠራ የፈሳሽ ኩፕሊንግ ነው። ሞተሩ ብቻውን ያለ ጭነት ይነሳና ዘይቱ ቀስ በቀስ ቤልቱን ይዞ ይሄዳል። መካኒኮች የሚወዱት እሱን ነው፤ ሊከፍቱትና ሊያዩት ይችላሉና።

ሦስተኛው ኢንቨርተር ነው። ድግግሞሹንና ቮልቴጁን አብሮ ስለሚቀይር ሞተሩ በዝግታ እየዞረም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ከመስመሩ የሚስበውም ከመደበኛው ብዙ አይበልጥም። የእኛን ምሳሌ 60 ኬቪኤ ጄኔሬተር ወደ 30 ሊያወርደው ይችላል። ትናንሽ ቤልቶች ላይ ደግሞ ከአንድ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ለሦስት ፌዝ ሞተር የሚሰጥ ዓይነት አለ፤ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላልደረሰው መንደር እስከ ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ ያገለግላል። በወረቀት ላይ ኢንቨርተር አሸናፊ ነው። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። የካባ ብናኝ ወደ ውስጡ ይገባል፣ ማቀዝቀዣው ይዘጋል፣ ካርዱ ሲቃጠል ደግሞ ጊምቢ ላይ የሚጠግነው የለም፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ እስኪመጣ ቤልቱ ይቆማል። ኢንቨርተር የሚገዛ ሰው በታሸገ ሳጥን፣ ከብናኝ ርቆ፣ ከአሮጌው ስታር ዴልታ ጋር ጎን ለጎን ይትከለው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ነገርም አለ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የሞተርና የኢንቨርተር አቅም እስከ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተር ደግሞ በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ በካታሎግ የተመረጠ 30 ኬቪኤ ወለጋ ሲደርስ 30 አይደለም።

ቁልቁለቱ ኃይል ነው

አሁን ያንኑ ቤልት ገልብጡት። 200 ሜትሩ ወደ ላይ 20 ሜትር ከመውጣት ይልቅ 20 ሜትር ቢወርድ ድንጋዩ ራሱ 5.5 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ሰበቃው 5.5 ይበላል። ሞተሩ ሲሮጥ የሚስበው ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ የሚያስፈልገው ለማስነሳት ብቻ ነው። ተዳፋቱ ከዚያ ሲበልጥ ቤልቱ ሞተሩን መግፋት ይጀምራል፣ ሞተሩም ጄኔሬተር ይሆናል።

ይህ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በቺሊ የሎስ ፔላምብሬስ መዳብ ማዕድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 12.7 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ተከታታይ ቤልቶች ማዕድኑን 1,300 ሜትር ያህል ወደ ታች ያወርዳል፤ ከ10 ሜጋ ዋት በላይ ኃይልም ለማዕድኑ ይመልሳል። በጃማይካ የኦሊፋንት ተራራ ቦክሳይት ማዕድን ደግሞ የኦስትሪያው ዶፔልማየር በ2007 የተከለው በገመድ የተንጠለጠለ ቤልት 3.4 ኪሎ ሜትር ርቆ 470 ሜትር ይወርዳል፤ በሰዓት 1,200 ቶን ሲያጓጉዝ 1,300 ኪሎ ዋት ያህል ያመነጫል። ከቺሊው ይልቅ የጃማይካው ለእኛ ይቀርባል፤ ዝናብ የበዛበት፣ ደን የለበሰ፣ መንገድ መቁረጥ የሚያስቸግር ኮረብታ ነው፤ ምሰሶዎቹም በጥቂት ቦታ ብቻ መሬት ይነካሉ። በቡና ጥላ ሥር ለሚኖር ገበሬ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሆኖም ቁልቁለት ላይ የተተከለ ቤልት ከሁሉም ይልቅ የሚገድል ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ቤልት መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት መያዣ ይበቃዋል። ወደ ታች የሚወርድ ቤልት መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሞተር ያጣል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ስለዚህ በስፕሪንግ የሚይዝ፣ መብራት ሲኖር ብቻ የሚለቅ ፍሬን ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ስሌቱም ይገለበጣል፤ ለወጪ ቤልት ሰበቃውን አብዝቶ መገመት ጥንቃቄ ነው፣ ለወራጅ ቤልት ግን ሰበቃውን አሳንሶ መገመት ነው ጥንቃቄው። ሞተሩ የሚመልሰው ኃይልም የሚሄድበት ይፈልጋል። መስመር ካለ ወደ መስመሩ ይገባል፤ ጄኔሬተር ብቻ ካለ ግን ጄኔሬተሩ ሊውጠው አይችልም፤ በሙቀት የሚያቃጥለው ሬዚስተር ያስፈልጋል።

ይህን የምለው የወለጋ ካባዎች ብዙዎቹ በኮረብታ ጎን ላይ ስለሆኑና ክራሸራቸውም ከታች በመንገድ ዳር ስለሚቆም ነው። ለእነሱ ቁልቁለቱ በነጻ የተሰጠ ኃይል ነው። በወንዝ ዳር አፈር ለሚያጥቡ ወርቅ አምራቾች ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ አሸዋው ከታች ነው፣ ሁሌም ወደ ላይ መነሳት አለበት። አንድ ዓይነት ኮንቬየር ለሁለቱም የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ሁለቱንም አላያቸውም።

ገልባጩ ያሸንፋል?

ገልባጭ መኪና በዋጋም በኃይልም ቢሸነፍ ገበያውን አልለቀቀም፤ ለዚያም ምክንያት አለው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይቆፍራል፤ ቤልት ግን አንዴ ከተዘረጋ ጉድጓዱ እሱን መከተል አለበት። ገልባጭ ሲበላሽ ሌላ ይከራያል፤ ቤልት ሲበጠስ ሁሉም ይቆማል። የማዕድን ማኅበራት ፈቃዳቸው መታደሱን ሳያውቁ ለዓመታት የሚቆይ ብረት መትከል አይደፍሩም። ከዚህም በላይ ቤልት ሥራ ይወስዳል። በጆንያ የሚሸከሙ ወጣቶችና ሴቶች የቀን ገቢያቸው ያ ሸክም ነው። መስኩ ላይ የሚጻፉ ሪፖርቶች ይህን እንደ ጎን ጉዳይ ይጠቅሱታል፤ እኔ ግን ቤልቱን ማን ፈቀደው፣ ማን ከለከለው የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ይመስለኛል።

የዓለምን ረጅም ቤልቶች መቁጠር ለዚህ ክርክር አይጠቅምም። በምዕራብ ሰሃራ ከቡ ክራ ፎስፌት ወደ ባሕር የሚወጣበት መስመር 98 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሕንድ ካባ ወደ ባንግላዴሽ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሻገረው 17 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም ከኋላቸው ትልቅ ገንዘብና ትልቅ መስመር ያላቸው ናቸው።

ትልልቆቹ የወርቅ ፕሮጀክቶች ስለ ኃይል ሲያወሩም የሚያስቡት ሌላ ነገር ነው። ቱሉ ካፒ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ቶን ገደማ ለመፍጨት የታቀደ ነው፤ ከ15 ሚሊዮን ቶን በላይ ክምችቱ በቶን ሁለት ግራም አካባቢ ወርቅ ይይዛል። እንዲህ ያለ ማዕድን የሚበላው ኃይል በአብዛኛው ድንጋዩን ለማላም ነው፤ ቤልቶቹ ከወፍጮው አጠገብ ጥቂት ናቸው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኩርሙክ ፕሮጀክትም እንዲሁ። ለእነሱ ከፍተኛ መስመር ይዘረጋል። መስመሩ ሲያልፍ ለጎረቤት ካባዎች ማከፋፈያ ይተው ይሆን የሚለው ግን ለአካባቢው ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ሆኖ ሳለ በስብሰባ ላይ ብዙም ሲነሳ አይሰማም።

ሌሎች መንገዶች በአጭሩ

ኤሌክትሪክ ጨርሶ በሌለበት የናፍጣ ሞተር በፍሪሲዮን ድራሙን በቀጥታ ሊያዞር ይችላል፤ ኃይልን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ እንደገና ወደ እንቅስቃሴ መቀየር ብክነት ነው። የፀሐይ ኃይል ከኢንቨርተር ጋር ተያይዞ ቀን ቀን ትንሽ ቤልት ሊያዞር ይችላል፤ በክረምት ግን ወለጋ ላይ በእሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። ረጅሙን ቤልት በሦስት አጭር ቆርጦ ሦስት ትናንሽ ሞተሮችን ተራ በተራ ማስነሳት የመነሻውን ጫና ይቀንሳል፤ በየመቀባበያው ግን ብናኝ፣ ፍሳሽና ጥገና ይጨምራል። እንደ እኔ አንድ ረጅም፣ ቀስ ያለ ቤልት ይሻላል።

ዝናቡን መዝለል አይቻልም። የወለጋ ቀይ አፈር ሲረጥብ ቤልቱ ላይ ይጣበቃል፤ ድራሙ ላይ ይጋገራል፤ ቤልቱን ከመስመር ያወጣል። ባዶ የብረት ድራም ሲረጥብ የመያዝ አቅሙ ከደረቁ ሲሶ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ እየዞረ ቤልቱ ይቆማል። በጎማ የተለበጠ፣ ጉድጓድ ያለው ድራም ይህን በአብዛኛው ይፈታል። ከድራሙ ሥር የጎማ መጥረጊያ ማሰርም ርካሽ ነው። ሰበቃ በጨመረ ቁጥር ኃይል ስለሚበላ፣ ያልዞረ አንድ ሮለር፣ ግራሶ ያጣ አንድ ኩሽኔታ፣ በትንሽ ኃይል ለሚሠራ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ የመብራት ሂሳብ ነው። ቤልትን ለመቀጠል በሙቀት የሚያጣብቀው ማሽን ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ለመንደር በብረት ማያያዣ ወይም በቀዝቃዛ ማጣበቂያ መቀጠል ይበቃል። በሁለቱም ጎን የሚሳብ የማቆሚያ ገመድ ግን ምንም ዓይነት ቁጠባ አይፈቅድም።

ከየት መጣ፣ ማን ይተክለዋል?

የማዕድን ቤልት ታሪክ ረጅም ቢሆንም እዚህ ጥቂት ቃል ይበቃዋል። አሜሪካዊው ቶማስ ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በቶማስ ኤዲሰን የብረት ማዕድን ማጣሪያ ለነበረው ችግር ጎማ የለበሰ ቤልት ሠራ፤ በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ተሸለመበት። በወለጋ ደግሞ የዮብዶ ፕላቲነም ከ1926 ጀምሮ ሲወጣ ቆይቷል፤ የጄኔቫው ጂኦሎጂስት ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ በ1927 በቢርቢር ወንዝ ስም ቢርቢራይት ብለው የሰየሙት ድንጋይም የዚያው ቦታ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ማዕድን ማውጣት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

የሚተክለው ሰውም ከሩቅ አይመጣም። የፊንጫና የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካዎች ሸንኮራውንም ገለባውንም በኮንቬየር ያንቀሳቅሳሉ። የጊምቢ ቡና መፈልፈያዎች ኤሌቬተርና ቤልት ሲጠግኑ ኖረዋል። በነቀምቴ፣ ከባኬ ጃማ ጀምሮ፣ ብየዳ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሩቃን ያወጣል። የጎደለው ይህን እውቀት በአንድ ቦታ የሚያገናኝ፣ የቦታውን ቮልቴጅ ለአንድ ሳምንት ለክቶ ለባለካባው ይህን ሞተር ግዛ፣ ይህን አትግዛ የሚል አገልግሎት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የቮልቴጅ መመዝገቢያ፣ አንድ ኢንጂነርና አንድ ሞተር ብስክሌት ነው።

አበው መጥኖ መደቆስ የሚሉት እዚህ ላይ ይሠራል። ኮንቬየር የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከመምረጡ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ፦ በምሽት ቮልቴጁ ስንት ነው? ትራንስፎርመሩን ማን ይጋራኛል? ድንጋዩ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? መብራት ሲሄድ ቤልቱ ላይ ምን ያህል ጭነት ይቀራል? ፍሬኑ ያለ መብራት ይይዛል? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው በ50 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በሰዓት 100 ቶን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። መልሱን ያልያዘ ሰው ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ከጎኑ ቢተከልለትም ሞተሩን ያቃጥላል።

በእኔ ግምት በወለጋ ቀድመው ሠርተው የሚያሳዩት ቤልቶች በወርቅ ጉድጓድ ሳይሆን በኮረብታ ጎን ባሉ የጠጠር ካባዎች የሚተከሉት ናቸው፤ ቁልቁለቱ አላቸው፣ ክራሸሩም ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ገበያውም የከተማው ግንባታና መንገዱ ነው። ለደካማ መስመር ተብሎ የተሰላ ቤልት ጠንካራ መስመር በመጣ ቀንም ከሌላው ያነሰ ይከፍላል። ስለዚህ የማከፋፈያ ጣቢያውን የሚጠብቅ ባለካባ የሚያጣው ጊዜውን ነው፤ ስሌቱን ዛሬ ቢጀምር መስመሩ ሲደርስ የሚቀይረው ነገር ጥቂት ነው።